ልጅ ደምስን የተጫወቱት የመምህርት ቀለሟ ጉሉማ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ቀለሟ ጉሉማ ከአባታቸው ከአቶ ጉሉማ ዋጋሪ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፈሽ ኩማ በኅዳር ወር 1918 ዓ.ም. በነቀምቴ ከተማ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው አናጢና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ዛሬ ለቀስተኛው የተቀመጠባቸው አግዳሚ ወንበሮች አብዛኞቹ የእርሳቸው የእጅ ሥራ ናቸው። መደገፊያ ስለሌላቸው ወገባችሁን ቢያማችሁ አትቀየሟቸው፤ አቶ ጉሉማ መደገፊያ ያለው ወንበር ስብከት ላይ ያስተኛል ብለው ያምኑ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ዘርፈሽ ልጃቸው ነፍስ ሳያውቁ በወባ ስላረፉ፣ መምህርት ቀለሟ ያደጉት በአባታቸውና በታላቅ ወንድማቸው በአቶ ሞረዳ መካከል፣ በመጋዝና በመላጊያ ድምፅ ውስጥ ነው።

በ1925 ዓ.ም. በከተማው ሚሲዮናውያን ከፍተውት በነበረው የሴቶች ትምህርት ቤት ገቡ። ጠላት አገራችንን ሲወር ትምህርቱ ተቋረጠ፤ አገር ነጻ ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ቀጥለው በ1937 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍልን ጨረሱ። ያስተማራቸው ትምህርት ቤትም በዚያው ዓመት የታችኛው ክፍል መምህርት አድርጎ ቀጠራቸው። በቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ስለነበር አማርኛን የተማሩት ከመጽሐፍ ነው፤ ስለዚህም አማርኛቸው እንደ መጽሐፍ የተስተካከለ ነበር። የመንዝና የጎጃም ተወላጅ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ያደንቁላቸው ነበር።

ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ወፍራም ነበር። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ሲቆሙ ዜማው ስለሚበላሽ፣ መሪው ከወንዶቹ ረድፍ ጀርባ ለብቻቸው ያቆሟቸው ነበር። የዝማሬውን ልብስ የለበሱት ሴቶች በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ፣ አዳዳ ቀለሟ ከኋላ። አዳዳ ማለት በእኛ ቋንቋ የአባት እኅት ማለት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የወንድማቸው ልጅ በመሆኗ ሌላ ስም ጠርታቸው አታውቅም፤ ከዚህ በኋላም አልፎ አልፎ ብታመልጣት ይቅርታ ይደረግላት።

በ1939 ዓ.ም. አቶ ሽብሩ ማዘንጊያ የሚባሉ የመንዝ ሰው የአማርኛ መምህር ሆነው ወደ ነቀምቴ መጡ። አዲስ አበባ ሳሉ ያዩት የግጥም ትያትር ከልባቸው አልወጣ ብሎ፣ እዚህም መምህራንንና ነጋዴዎችን አሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። በጥንቱ ደንብ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስንኝ አንድ ትያትርም ጻፉ። ስሙ «የፊታውራሪው ወራሽ» ይባላል። ታሪኩም እንዲህ ነው፦ አንድ ፊታውራሪ ወንድ ልጅ ሳይተኩ ይሞታሉ። ዘምቶ የሚያገለግል ወንድ ስለሌለ ርስታቸው ሊነቀል ነው። ሴት ልጃቸው አስካለ የአባቷን ጥምጥም ጠምጥማ፣ ጋሻውን አንሥታ፣ «ልጅ ደምስ ነኝ» ብላ ትዘምታለች። ጀግና ሆና ትመለሳለች፤ ርስቱም ይጸናላታል። በመጨረሻው ትዕይንት በችሎት ፊት ጥምጥሙን ትፈታለች፤ ፀጉሯ ይወርዳል፤ እንዲህም ትላለች፦

ጋሻውን ያነሣሁ ደምስ አይደለሁም፤
አስካለ ነኝ እኔ፣ ከቶ አልሰወርም።

በዚያን ጊዜ በትያትር ላይ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ሻሽ ያሰሩ ወንዶች ነበሩ፤ ተመልካቹም ሻሹን ባየ ቁጥር ይስቅ ነበር። አቶ ሽብሩ ግን በዚያች በመጨረሻዋ ደቂቃ ሰው እንዲስቅባቸው አልፈለጉም። «ጥምጥሙ ሲፈታ የሚወርደው የራሷ ፀጉር መሆን አለበት» አሉ። በከተማው ውስጥ የወንድ ድምፅና የሴት ፀጉር አንድ ላይ የተገኘው በመምህርት ቀለሟ ላይ ብቻ ነበር።

አቶ ጉሉማ በቀላሉ አልፈቀዱም። የሽማግሌ ልጅ መድረክ ላይ ወጣች መባሉ ከብዷቸው ሰንብተው በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ኦቦ ሽብሩ፣ ልጄ ትሂድ። ስሟ ግን ቤት ይቆይ። በመጨረሻ ተዋናዮቹን በስም የሚያስተዋውቀው ጠሪ የሞረዳን ስም ይጥራ።» አቶ ሽብሩ ሳቁ፤ መምህርት ቀለሟም ሳቁ። ምን ቸገራቸው? ጠሪው የፈለገውን ስም ቢጠራ፣ ጥምጥሙ ሲፈታ ሁሉም የሚያየው እርሳቸውን ነው። አዳዳ መድረክ ላይ ለመውጣት እሺ ያሉት ስለ ጋሻው ወይም ስለ ጭብጨባው አልነበረም። በዘመናቸው አንድ ጊዜ፣ ከረድፍ ጀርባ ሳይሆን ከፊት ቆመው፣ «እኔ ነኝ» ለማለት ነበር።

ትያትሩ መጀመሪያ የታየው በ1941 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዕለት ነው። ከበዓሉ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ግን ትያትር የሚመረምሩ አንድ ሹም ልምምዱን አይተው የመጨረሻውን ትዕይንት ከለከሉ። «ሴት በሹማምንት ፊት ፀጉሯን ትበትናለች? ደግሞስ ችሎት ያታለለች ሴት ርስት ልትሸለም ነው?» አሉ ይባላል። ስለዚህ ትያትሩ ልጅ ደምስ ርስቱን ተቀብሎ እጅ በሚነሣበት ቦታ ላይ እንዲያልቅ ሆነ። ለመጨረሻው ትዕይንት ሲባል ተመርጠው ጥምጥም የጠመጠሙት ሴት፣ የመጨረሻው ትዕይንት ተቆርጦ ጥምጥሙ ብቻ ቀረላቸው። «ታዲያ እኔ ለምን አስፈለግሁ?» ብለው ሲጠይቁ አቶ ሽብሩ «ለከርሞ ይፈቀዳል» አሏቸው። ይህ ለከርሞ የተባለው ነገር ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ።

በዚያ ዕለት አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጠሪው «ሞረዳ ጉሉማ!» አለ። አቶ ሞረዳ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊታዩ ስለማይችሉ ትያትር ባለ ቁጥር አባታቸው ወርክሾፕ ውስጥ ተደብቀው ይውሉ ነበር። የታወቁበትን ትያትር አንድም ቀን ቁጭ ብለው ያላዩ ተዋናይ ናቸው። በማግስቱ ገበያ ሲወጡ ሰው ትከሻቸውን እየመታ «አንተ ሰው፣ አስለቀስከን!» ይላቸው ነበር። አንድ ስንኝ በሉልን ሲባሉ «ጉሮሮዬን አሞኛል» ይላሉ። የአቶ ሞረዳ ጉሮሮ በነቀምቴ ታሪክ ረጅሙን ዘመን የታመመ ጉሮሮ ነው። እኅታቸው ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ባልደረቦቻቸው ሲያመሰግኗቸው ይውላሉ፦ «ወንድምሽ እንዴት ያለ ሰው ነው!» እርሳቸውም «አዎ፣ ጎበዝ ነው» ይላሉ። ሚስጥሩን የሚያውቁት የማኅበሩ ሰዎችና ጥቂት የባኬ ጃማ ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ለአቶ ጉሉማ ክብር ሲሉ አፋቸውን ያዙ።

ማኅበሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በጭነት መኪና ላይ እየተሳፈረ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ደምቢ ዶሎና ወደ ሻምቡ ይሄድ ነበር። መምህርት ቀለሟ በዚያ ጉዞ ሁሉ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራውን ጺም አይፈቱም ነበር። በየደረሱበት ቤት ምግብ የሚቀርብላቸው ከወንዶቹ ጋር ነው፤ ከባለቤቷ ጋር ጓዳ ገብተው መጫወት አይችሉም፤ ወንድ ናቸዋ። ሲመሽ ደግሞ ከወንዶቹ ጋር መተኛት አይችሉም፤ ሴት ናቸው። ስለዚህ በየከተማው የሚተኙት ለብቻቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጎተራ አጠገብ በእህል ጆንያዎች መካከል ነበር። «የወለጋን በቆሎ ሁሉ በጠረኑ ለይቼ አውቀዋለሁ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱን ስንሰማ እንስቅ ነበር፤ አሁን ሲታሰብ ግን አያስቅም።

በ1942 ዓ.ም. ከገና በኋላ ማኅበሩ ነጆ ላይ ተጫወተ። ከተመልካቾቹ መካከል አቶ ጆቴ የሚባሉ የታወቁ ባላባትና ልጃቸው ድርቤ ነበሩ። ድርቤ የዚያን ጊዜ ልጃገረድ ናቸው። ልጅ ደምስ ከዘመቻ ተመልሶ ለሞቱት አባቱ የሚናገረውን ስንኝ ሲሰሙ አለቀሱ። ትያትሩ ሲያልቅም ጠሪው የጠራውን ስም በልባቸው ያዙ።

በአገራችን አሴና የሚባል ልማድ አለ። አንዲት ልጃገረድ ልቧ የወደደውን ሰው ሽማግሌ ካልላከባት፣ ራሷ ወደ ቤቱ ሄዳ ገብታ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ ከገባች ቤቱ ሊያስወጣት ነውር ነው፤ ወደ አባቷም ቤት ልትመለስ አትችልም። ድፍረቷ የሚከበረው የመረጠችው ሰው ያን ያህል የሚገባው ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ካልሆነ እርሷም አባቷም የሰፈር መሳለቂያ ይሆናሉ። ድርቤ ጆቴ ከወር በኋላ ከነጆ ተነሥተው፣ እያጠያየቁ ባኬ ጃማ ደረሱ። በጠራራ ፀሐይ ወደ አቶ ጉሉማ ቤት ገብተው ከምሰሶው ሥር ቁጭ አሉ። «ሞረዳ ጉሉማን ብዬ መጥቻለሁ» አሉ።

አቶ ሞረዳ ፀጉራቸው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ እንደያዙ ከወርክሾፕ ተጠርተው መጡ። ልጃገረዷ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸውና «አንተ አይደለህም። ወንድምህን ጥራልኝ» አሉ። አቶ ሞረዳም «ወንድም የለኝም። እኅት ነው ያለችኝ» ብለው መለሱ። ሁለቱ እንደተፋጠጡ መምህርት ቀለሟ እጃቸው ጠመኔ እንደነካው ከትምህርት ቤት ገቡ፤ እንግዳ ስላዩም «አካም ጂርታ?» ብለው ሰላምታ ሰጡ።

ድርቤ ከተቀመጡበት ተነሡ። ድምፁን አወቁት። የቆሙትን ሴት ፊት፣ ቀሚሳቸውን፣ የተጎነጎነውን ፀጉራቸውን ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ «ያ ዋቅ!» ብለው አምላካቸውን ጠሩና ተመልሰው ቁጭ ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አዳዳ ስለዚያ ቀን አንዴ ብቻ ሲናገሩ ተሰምተዋል። «በዕድሜዬ እኔን ብሎ የመጣ ሰው አንድ ነው፤ እርሷም ስታየኝ ፊቷን ሸፈነች» ነበር ያሉት።

አሁን ልጃገረዷን ወዴት ያድርጓት? መመለስ አይቻልም። አቶ ጉሉማ ሲጸልዩ አደሩና ጠዋት እንዲህ ፈረዱ፦ «ልጄ፣ አሴና በመጽሐፍ ቅዱስ የለም፤ ነገር ግን የገባች አትወጣም። የጠራሽው ስም የዚህ ልጅ ነው። ስሙን ለእኅቱ ያበደርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።» አቶ ሞረዳ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሰላምታው በፊት ልባቸው ሄዷል። ጋብቻው በዚያው ወር በቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። አቶ ጆቴ ልጃቸው ሳትጠየቅ በመሄዷ ቢቆጡም፣ የገባችው በታወቀው ሞረዳ ጉሉማ ላይ መሆኑን ሲሰሙ ቁጣቸው ወደ ኩራት ተለወጠ። ሙሽራው ጺም አልባ መሆናቸውን እንኳ «ለትያትር የሚያስረው ነው» ብለው ለሰው ያስረዱ የነበሩ እርሳቸው ናቸው፤ በዚህስ ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ነጆ ውስጥ አማቻቸው ያልተነሣበት ገበያ የለም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በ1944 ዓ.ም. የተወለደች የዚያ ጋብቻ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ስለዚህ ስህተቱን ልትወቅሰው አትችልም። አባቷ ጥሩ ባል ሆኑ፤ እናቷም ወደዷቸው። ነገር ግን ወይዘሮ ድርቤ የባላቸውን እኅት በስማቸው ጠርተው፣ ቀና ብለው ፊታቸውን አይተው አያውቁም። መምህርት ቀለሟም በአንድ ግቢ ውስጥ እንደ ተጠየቀ ዕዳ መታየቱ ስለከበዳቸው፣ በ1943 ዓ.ም. ጨለለቂ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ወጡ። እስኪሞቱ ድረስም እዚያው ኖሩ።

በጨለለቂ የኖሩት ብቻቸውን ነው። ጥሩ ሰው የነበሩ አንድ ጸሐፊ፣ አቶ ታፋ፣ ሽማግሌ ልከውባቸው ነበር። በኋላ ግን «ከመጋረጃ ጀርባ የወንድ ድምፅ ሲጠራኝ እደነግጣለሁ» ብለው ቀሩ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ አዳዳ በራቸውን ዘግተው ትያትሩን ለብቻቸው ይሉት ነበር፤ የተቆረጠውን ትዕይንት ጭምር። ጎረቤት የወንድ ድምፅ ሰማ። የወንድ ድምፅ ካላገባች መምህርት ቤት! ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ አቶ ደረሳ የሚባሉ ሽማግሌ ሁለት ሰዎች አስከትለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኩ። ሲከፈትላቸው መምህርት ቀለሟ የአልጋ ልብስ እንደ ካባ ደርበው ብቻቸውን ቆመዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለጥንቃቄ አልጋ ሥር ተመለከቱ። «ወንድዬው የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁም «እርሱ እንኳ መጥቶልኝ አያውቅም» ብለው መለሱላቸው። ሽማግሌዎቹ አፍረው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ያንን በር ለማንኳኳት አልደፈረም። ባይደፍሩ ደግ አደረጉ ማለት አንችልም፤ አንዳንድ ጊዜ ለወሬም ቢሆን የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል።

በ1952 ዓ.ም. ሹሙ ተዛውረው አዲስ መጡ። አቶ ሽብሩም ወደ ደብረ ብርሃን መዛወራቸውን አውቀው፣ ከመሄዳቸው በፊት ትያትሩ እንዳለ፣ ከነመጨረሻው እንዲታይ ደጅ ጠኑ። ተፈቀደ። መምህርት ቀለሟ በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ እስኪገርመው ድረስ ይስቁ ነበር። ፀጉራቸውን ታጠቡ፤ ቅቤ ተቀቡ፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ሆነው እንደ ሙሽራ ሰነበቱ።

የዘውዱ በዓል ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ከየአውራጃው ለበዓሉ የተጠሩ ባላባቶች ከፊት ተቀምጠዋል፤ አቶ ጆቴም ከመካከላቸው ናቸው። አቶ ሞረዳ በዚያ ቀን መደበቅ ስለማያስፈልጋቸው ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ነበር። ወይዘሮ ድርቤ ልጃቸውን ይዘው ከሴቶቹ መካከል ተቀመጡ። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ያየችውን አልረሳችም። ትያትሩ እስከዚያ ድረስ ታይቶ በማያውቅ ሁኔታ ሄደ። ልጅ ደምስ ርስቱን ተቀበለ፤ ሁልጊዜ የሚያልቅበት ቦታ አለፈ። መምህርት ቀለሟ ወደ መድረኩ ጫፍ መጥተው እጃቸውን ወደ ጥምጥማቸው አነሡ።

በዚያች ደቂቃ አቶ ጆቴ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ዘወር ብለው ለአዳራሹ ሁሉ «ኩን ሶዳ ኮቲ! ይህ አማቼ ነው! ልጄ ራሷ ናት የመረጠችው!» አሉ። ሰው አጨበጨበ። የአዳዳ እጅ ጥምጥሙ ላይ ቆመ። ከሴቶቹ መካከል ራሳቸውን አቀርቅረው የተቀመጡትን ወይዘሮ ድርቤን አዩ። ጥምጥሙ ከተፈታ በነጆ ገበያ ነገ ምን እንደሚባል የሚያውቁ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። አዳዳ እጃቸውን አወረዱ። ልጅ ደምስ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው እጅ ነሥተው ወጡ። ጠሪውም «ሞረዳ ጉሉማ!» አለ።

አቶ ሽብሩ ከመጋረጃው ጀርባ አለቀሱ። «ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀሽ? ምን ነካሽ?» ቢሏቸው «ፈራሁ» ብቻ አሏቸው። ማንንም የማይፈሩ ሴት ነበሩ። አቶ ሽብሩ ግን አመኗቸው፤ ሳይሰናበቷቸው ሄዱ፤ ደብዳቤም አልጻፉላቸውም። ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አናውቅም። ካሉና ይህ ከደረሳቸው፣ አዳዳ እንዳልፈሩ ይወቁልን።

ከዚያ ወዲህ መምህርት ቀለሟ መድረክ ላይ አልወጡም። ጎረቤቶቻቸው እንደሚሉት በቤታቸውም የወንድ ድምፅ ዳግመኛ አልተሰማም። እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በትምህርት ቤቱ ሳያቋርጡ አስተማሩ፤ በነቀምቴ ዛሬ ማንበብ የሚችሉ ብዙ እናቶች ፊደል የቆጠሩት በእርሳቸው ዘንድ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ባኬ ጃማ ይመጡና ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ወይዘሮ ድርቤ ከቀረበው ምግብ ሁሉ የተሻለውን መርጠው ከፊታቸው ያኖሩና ምንም ሳይሉ ወደ ጓዳ ይመለሳሉ። አዳዳም ይበላሉ፤ ያመሰግናሉ፤ ሳይመሽ ይሄዳሉ። ልጆች ሳለን ሁለቱ የተጣሉ ይመስለን ነበር። አልተጣሉም። አንዷ ምስጋናው ከአፏ አልወጣ ብሏት፣ ሌላዋ ምስጋና እንዳትጠይቅ ፈርታ፣ አሥራ አራት ዓመት በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሳይነጋገሩ አረጁ። ይህን ማወቅ ቤተሰቡን እጅግ ያሳዝነዋል።

መምህርት ቀለሟ በ1965 ዓ.ም. መጨረሻ በልብ ሕመም ታመው በሆስፒታል ሲረዱ ቆዩ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ወይዘሮ ድርቤ ልብሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ሆስፒታል ገቡ፤ እስከ መጨረሻው ድረስም ከአልጋው አጠገብ አልተነሡም። በአንዱ ቀን የተናገሩትን አስታማሚዎች ሁሉ ሰምተዋል።

«ቀለሟ» አሉ ወይዘሮ ድርቤ። በስማቸው ሲጠሯቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። «ለአባቴ ልንገረው?»

«አይሆንም» አሉ አዳዳ። «አባትሽ በሕይወት እያሉ አይሆንም። በእርጅናቸው አይሳቅባቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ለምጄዋለሁ።»

ወይዘሮ ድርቤ ያን ጊዜ የአዳዳን እጅ ይዘው ፊታቸውን እያዩ ተቀመጡ። መምህርት ቀለሟ ጉሉማ ጥር 19 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው፣ እጃቸው በእጃቸው እንደተያዘ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አስከሬኑ ባኬ ጃማ እንደገባ ወይዘሮ ድርቤ የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ጠርተው «ጻፊው፤ ሁሉንም ጻፊ። እንዳለ ይነበብ» አሏት። ልጃቸውም አያቷን በማሰብ «አካኮ ጆቴ ከነጆ እየመጡ ነው፤ ሰዎቻቸውም አብረው ናቸው» ብላ አሳሰበቻቸው። እናቷ ግን «ለዚህ እኮ ነው የሚነበበው» አሉ። «እርሷ ዝም አለችልኝ። እኔ አሁን ዝም ብላት እንደገና ከነጥምጥሟ መቅበሬ ነው።»

ስለዚህ አካኮ፣ ዛሬ ከፊት ተቀምጠው የሚሰሙት ይህ ነው። በየገበያው የኮሩበት ጎበዝ ውሸት አልነበረም፤ አማችዎ ግን አልነበረም። አማችዎ አቶ ሞረዳ ጥሩ አናጢ፣ ጥሩ ባልና ጥሩ አባት ናቸው፤ አንዲት ስንኝ ግን አያውቁም፤ ጉሮሯቸውም ጤነኛ ነው። መሳቅ የሚፈልግ ለቀስተኛ ካለ አሁን ይሳቅ፤ እናታችን ቀና ብለው ቆመዋል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ልጅ ደምስ ሆነው ሲጫወቱ ያያችኋቸው፣ ያለቀሳችሁላቸውና ያጨበጨባችሁላቸው መምህርት ቀለሟ ጉሉማ ነበሩ።

መምህርት ቀለሟ ባል አላገቡም፤ ልጅም አልወለዱም። ከኋላቸው የቀሩት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሞረዳ ጉሉማ፣ የወንድማቸው ልጆች፣ ያስተማሯቸው ብዙ ሴቶች ልጆች፣ እንዲሁም፣ ይህ ቃል በራሳቸው ትእዛዝ የተጻፈ ነው፣ በ1942 ዓ.ም. እርሳቸውን ብለው ከነጆ የመጡት ወይዘሮ ድርቤ ጆቴ ናቸው።

ላዘናችሁ ሁሉ መጽናናትን ይስጣችሁ። የአዳዳችንንም ነፍስ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ደጅ ላይ በገዛ ስማቸው ይጥራቸው። አሜን።

ወይንሸት ሞረዳ፣ ስለ ቤተሰቡ